አንዱ የማይሠራ

ሰዓት ሠሪው ሊያገባ ሳምንት ቀርቶታል። የጋብቻ ውሉን ሊያስጽፍ የጠበቃውን ቢሮ ደረጃ ሲወጣ፣ እዚያው ጸሐፊ ከሆነችው የእህቱ ልጅ ጋር ተገጣጠመ። የንብረት ዝርዝሩን ተቀብላ ቆማ አነበበችው፤ ቤት፣ ሱቅ፣ የሥራ ዕቃ።

«ጋሼ፣ ቤቱ ባንክ ዘንድ መያዣ አይደለም እንዴ?»

«ቀስ በይ!» አለ ግራ ቀኙን እያየ። «ለወንድሜ ብድር ነው፤ እየከፈለ ነው። ደግሞ ይሄ ሰርግ ነው ወይስ ግብር ቢሮ? እናትና አባቴ ሲጋቡ ማን ምን ጻፈ?»

«እነሱ ምንም አልጻፉም። እርስዎ ግን እየጻፉ ነው፤ ያውም ግማሹን።»

ይህች ልጅ ከተማረች ወዲህ መልስ አታጣም። ሌላ ጊዜ ይኮራባታል፤ ዛሬ ግን አናደደችው። የሚያስጨንቀው ሌላ ነበር፤ ከስድስት ዓመት ብቸኝነት በኋላ ያገኛት ልብስ ሰፊ እጮኛው ይህን ሰምታ እንዳትተወው ፈርቷል።

«ብትሄድብኝስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ደንበኛ ሰዓቱን ይዞ መጥቶ ‹ሳትከፍተው ደህና ነው በልልኝ› ቢልዎት ይላሉ?»

«አብጃለሁ?»

«እሷ ግን ሳትከፍት እንድትፈርም ይፈልጋሉ። የባንኩ ደብዳቤ የመጣ ዕለት ከዕዳው ይልቅ መደበቅዎ ነው የሚያስቆጣት። ዕዳ የተደበቀበት ውል ደግሞ ዳኛ ፊት ሊፈርስ ይችላል። በሉ የእሷን ዝርዝር ይዩ፤ ለእርስዎ ስጪልኝ ብላ ነው የተወችው።»

«የልብስ ስፌት መኪና ሁለት፤ አንዱ የማይሠራ» ይላል። ሰዓት ሠሪው ደጋግሞ አነበበው። ማን ጠይቋት ጻፈችው? በራሱ አፈረ።

«እስክሪብቶ ስጪኝ» አለ።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ቢሮው ውስጥ ተቀምጣ ስለ ቤቱ መያዣ የተጨመረችውን መስመር አነበበች። ወረቀቱን አስቀምጣ ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረች።

«ወንድምህ ባይከፍልስ?»

«እኔ እከፍላለሁ። ካልቻልኩ ቤቱ ይሸጣል።»

«እንግዲያው የተከራየሁትን የሥራ ክፍል አልለቅም። ቤትህ እሰፋለሁ ብዬ በወሩ መጨረሻ ላስረክብ ነበር» አለች። «እንኳን ነገርከኝ።»

ያቺ መስመር ባትጻፍ ሴትዮዋ መኖሪያዋንም የሥራ ቦታዋንም ልታጣ ትችል ነበር። የሚጋቡ ሰዎች ያላቸውንም ያለባቸውንም አስቀድመው ሲያሳዩ ግን ክፉው ቀን ሳይመጣ ይመክሩበታል፤ ኋላም አንዱ ሌላውን አታለልከኝ ብሎ አይከስም።

ሰዓት ሠሪው እፎይ አለ። «ያንን የማይሠራ የስፌት መኪናሽን እኔ እጠግንልሻለሁ።»

ጸሐፊዋ ውሉን እየተየበች ቀና አለች። «እንግዲያው ‹የማይሠራ› የሚለውን ላጥፋው?»

«ኧረ በፍጹም!» አለ ሰዓት ሠሪው። «እስኪሠራ ድረስ እንዳለ ይጻፍ።»