የፈረስ ጨው

በእኛ ጊዜ ጨው እንዲህ በፌስታል ተቋጥሮ እንደ አሸዋ አይዛቅም ነበር፤ አሞሌ ነበር፣ ድንጋይ የሚያህል አሞሌ፣ እና እናቴ ከምድጃው በላይ ሰቅላ ጥፍር የምታህል ፈቅፍቃ ነበር ወጡ ላይ ጣል የምታደርገው። ይቀዳል አይደል ስልክሽ? ይቅዳ፣ ማስተዋል፣ ይቅዳ የልጅ ልጄ፣ ሰው ሁሉ ይስማው። እኔን ነፍሰ ገዳይ አሉኝ እኮ። እኔን ጫኔን!

መጀመሪያ ጨው ለምን ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ጉሮሯችንን ሲያመን እናቴ ለብ ባለ ውሃ ትበጠብጥና «ጉሮሮህ ድረስ ተጉመጥመጥና ትፋው» ትለኛለች፤ ከተፋሁም በኋላ አታምነኝም፣ አፌን ከፍታ ታያለች፣ «ውጠሃል?» ትላለች፣ «ኧረ አልዋጥኩም» እላለሁ፣ «ብትውጥ ጆሮህን ነው የምነቅልልህ» ትላለች። ጥርስ ሲያመን መጉመጥመጥ ነው፣ ተረከዝ ሲሰነጠቅ እግርን መዘፍዘፍ ነው፣ ቁስል ሲሆን ማጠብ ነው፣ ያቃጥላል፣ ታለቅሻለሽ፣ ከዚያ ይደርቃል። እና ሁሉም ለውጭ ነው። ለጤና ብሎ የጠጣው ሰው በእኛ ቤት አላየሁም። ሰምተሻል? ለውጭ ነው።

ታዲያ ፈረስ ሌላ ነው። ኮርቻ ጀርባውን የላጠው ፈረስ በጨው ውሃ ይታጠባል፤ ላብ አጥምቆት የገባ ፈረስ ደግሞ አሞሌውን ይልሳል፣ ይልሳል፣ ከዚያ ውሃውን ግጥም አድርጎ ይጠጣል፣ እና በማግስቱ ስትጭኝው መሬት አይበቃውም። ይኼን እዚህ ዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ያደገ ፈረሰኛ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ፣ አለኸኝም ያውቃል።

አለኸኝን ታውቂዋለሽ፣ ጓደኛዬን፤ በአንድ ሜዳ ስንጋልብ ነው ያረጀነው። ታዲያ አምና ራሱን እያዞረው እንጅባራ ሐኪም ዘንድ ሄደ፣ ደም ግፊት ነው አሉት። ጨው ተው አሉት፣ ይኼን ክኒን በየቀኑ ዋጥ አሉት፣ ከእንግዲህ ፈረስ ላይ እንዳትወጣ አሉት። ሚስቱ የሻረግ አጠገቡ ቆማ ሰምታለች። እና ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨው ያልነካው አልጫ ነው የምታቀርብለት፣ ፈረሱንም ዓይኑ እያየ አዲስ ቅዳም ገበያ አስወስዳ አሸጠችበት። ዳማ ነበር፤ ምን ዓይነት ፈረስ መሰለሽ!

ሰውየው ከዚያ ወዲህ ቀዘቀዘ። «ጫኔ፣ ጉልበቴ ከዳኝ» ይለኛል፣ «ምግቡም ገለባ ገለባ ይለኛል» ይለኛል። ታዲያ አንድ ቀን እደጄ ተቀምጠን በአገውኛ እየተጫወትን፣ ወዲያ ወዲያ እያየ፣ «ጫኔ፣ እስቲ ከዚያ ከፈረስ ጨው ትንሽ ስጠኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ግማሽ አሞሌ ሰበርኩና ከጋቢዬ ጫፍ ቀድጄ ቋጥሬ ሰጠሁት። ይኸው ነው ጥፋቴ። ጠጣው አላልኩት፣ ላሰው አላልኩት!

እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጠዋት ጠዋት ከበረቱ ጀርባ እየሄደ፣ በጣሳ ሙቅ ውሃ ይበጠብጥና ይጠጣዋል። በኋላ ሲጠይቁት «ፈረስን ያነሳ እኔን አያነሳኝም ወይ?» አላቸው አሉ። ኧረ ተይኝ! አንተ ሰው ነህ፣ ያውም የታመምክ ሰው፤ ፈረሱ አሥር ጊዜ ጋልቦ በላብ ያወጣዋል፣ አንተ በየት ልታወጣው ነው? ሦስት ሳምንት ጠጣው። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ቀለል አለኝ» ይለኛል፣ እኔ ክኒኑ ነው ብዬ ደስ ይለኛል። እና አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መንገድ ላይ ወደቀ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ዞረ፣ በባጃጅ ጭነው ወሰዱት። እግዜር ይመስገን ነፍሱ ተርፋለች፣ ቀኝ እጁ ግን እስከ ዛሬ ልጓም አይዝም።

ታዲያ ልጠይቀው ብሄድ የሻረግ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጨርቁን ከበረት ጀርባ አግኝታዋለች፣ የጋቢዬ ቅዳጅ መሆኑንም አውቃለች፤ እግሬ ሥር ጣለችው። «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለችኝ። «ሐኪም የከለከለውን አንተ ሰጠኸው፣ ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት፣ በጎረቤት ፊት፣ አንተ አለችኝ! አሁን ቀበሌው ሁሉ «ጫኔ በጨው ሊገድለው ነበር» ይላል። ጤና ኬላ ያለችው ልጅ እንኳ መንገድ ላይ አቁማ «አባባ፣ ይኼ የባህል ሕክምና ይቅርብዎ» አለችኝ። የምን ባህል? ባህሉማ ትፋው ነው የሚለው!

ዓይኑን ካየሁ አምስት ወር ሆነኝ። በአጥሩ ሥር ሳልፍ ሲያስል እሰማዋለሁ፣ አልገባም። እና ጥፋቱ የማን ነው? እስቲ ፍረጂ። ተደብቆ የጠጣው እሱ፣ ሳታየው የቀረችው እሷ። እኔ ለፈረስ ብዬ በሰጠሁት ጨው...

እዚህ ላይ እኔ ማስተዋል አቋረጥኳቸው።

«አባባ፣ ጨዉን ሲሰጡት ፈረሱ ተሽጦ አልነበረም እንዴ?»

በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ።

«ተሽጦ ነበር» አሉ። «ሦስት ወር አልፎት ነበር። እና ምን ልበለው? ይኼን ሁሉ ዘመን አብሮኝ የጋለበን ሰው፣ አለኸኝ፣ አንተ እኮ ፈረስ የለህም ልበለው? አፌ እምቢ አለኝ። አፍሬ፣ ለምንህ ነው ሳልለው ሰጠሁት።»

«ይኼን ለእትዬ የሻረግ ነግረዋታል?»

«አልነገርኳትም። እሷ ስትጮህ እኔም ጮህኩባት፣ እና በዚያው ቀረ።»

ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አጥፊው ስልኩን። ጋቢዬን አምጪልኝ። አዲሱን አይደለም፣ ጫፉ የተቀደደውን። እሱን ለብሼ ልሂድና እደጇ ልቁም።»