ያልተሰማው ፍል ውሃ

የጤና ተማሪዋ ሆሳዕና ያን ሰሞን ቤቴል አካባቢ ለቤት ለቤት ጉብኝት ተመድባ ነበር። ጠዋቱን ሙሉ «ተማሪ አንፈልግም» እየተባለች ከየበሩ ስትመለስ ሆድ ብሷታል። ድንገት የወረደ ዝናብ አንድ ግቢ በር ሥር ሲያስጠጋት፣ ከከፋ መጥተው በማር ንግድ ያረጁት አቶ ኃይለመስቀል ብቅ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ዝናብ ይደብድብሽ እንዴ? ግቢ እንጂ!»

ሳሎን ገብተው ከተቀመጡ በኋላ አዛውንቱ፣ እንደ ልማዳቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዜ ሙቅ ውሃ ሞልተው ያቀረቡላቸው ሳፋ ውስጥ እግራቸውን ነከሩ። የሆሳዕናን ነጭ ጋውን አይተውም ፈገግ አሉ።

«መለማመጃ ፍለጋ ነው የምትዞሩት? ሐኪም ቤት በሽተኛ ጠፋ?»

«አልጠፋም አባባ። ግን ሰው ቤቱ እንዴት እንደሚኖር እዚያ ሆነን አናይም።»

«እኔ ዘንድ የሚታይ የለም። ስኳር ቢኖርብኝም፣ እንደ እሳት ይለበልበኝ የነበረው እግሬ በጸሎት ድኗል። ይኸው ምንም አይሰማኝም።»

ሆሳዕና ከሳፋው የሚወጣውን እንፋሎት አየች። አስፈቅዳ ጣቷን ብትነክር ለበለባት።

«አባባ፣ ያቃጥላል! እባክዎ እግርዎን ያውጡ!»

«ለብ ያለ ነው እኮ!»

የወጣው እግር ቀልቷል። በጣቶቹ መካከልም እሳቸው ያላዩት ቁስል ነበር። ሆሳዕና ፈራች፤ መምህሯ አጠገቧ የሉም፣ ብትሳሳትስ? ቢሆንም ዝም ማለት አልቻለችም።

«ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር ይደነዝዛል። ያልተሰማዎት ስለዳኑ አይደለም።»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። «ጸሎትዎ ከንቱ ነው ልትዪኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም! እኔም የምጸልይ ነኝ። ግን እግርዎ መጎዳቱን ሊነግርዎ ካልቻለ፣ ዓይንዎ ይመልከትለት። ይህ ቁስል ችላ ከተባለ እስከ መቆረጥ ያደርሳል።»

አቶ ኃይለመስቀል ጎንበስ ብለው እጃቸውን ውሃው ውስጥ ቢከቱት ወዲያው መነጨቁት። እጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

«እጄ የሸሸው ውሃ ውስጥ እግሬ ተቀምጦ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አልማዜ፣ ኮቴን አምጪልኝ።»

ሆሳዕና ለመምህሯ ደወለች፤ ሁለቱም በዚያው ዕለት አዛውንቱን ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። ቁስሉ አጥንት ሳይነካ ተደረሰበትና ውሎ አድሮ ዳነ። ዛሬ አቶ ኃይለመስቀል እግራቸውን አይዘፈዝፉም፤ ወይዘሮ አልማዜ በክርናቸው በለኩት ለብ ያለ ውሃ ታጥበው፣ በጣቶቻቸው መካከል አድርቀው፣ ውስጥ እግራቸውን በየቀኑ ለባለቤታቸው ያሳያሉ። ሆሳዕናም ከመጽሐፍ ያላገኘችውን ትምህርት ከአንድ ሳፋ አገኘች።

አንድ እሁድ ጎረቤት ለጸሎት ሲሰበሰብ አዛውንቱ ብድግ አሉ።

«ወገኖቼ፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ ሕመማችንን ብቻ ይዘን ነው የምንሄደው፤ ኑሯችን እዚሁ ቤት ይቀራል። እነዚህ ልጆች እሱን ሊያዩልን ሲመጡ፣ በራችንን እንክፈት።»