ከሁሉ የረዘመችው ባቄላ

ውሃው ለብ ብሏል፣ በቃ አትቀንሺው። እጅሽ ይባረክ፣ እንዳንቺ ፀጉር የሚያጥብ የት ይገኛል! ዛሬ ሥራ በዝቶልሻል፤ የማድረቂያው ካስክም በጎረቤቴ በእትዬ ተይዟል... ቀስ ብዬ ላውራ እንዴ? ኧረ ተይኝ፣ ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ምን ይሰማል!

ልጄማ ደህና ናት። የኮሌጅ ማመልከቻ ሰሞን አይደል? ሳይንስ እወዳለሁ ማለት አይበቃም፣ ፍቅራችሁን አሳዩ ተባሉ። የኔዋ ሞኝ ፍቅር በሥራ መስሏት፣ የጋራ በረንዳችን ላይ በጣሳ ባቄላ ስትዘራ ከረመች። ገሚሱን ፀሐይ ላይ፣ ገሚሱን ካርቶን ደፍታበት። ብርሃን ያጣ ተክል ምን እንደሚሆን ልታይ ነዋ! ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ እነሱ ጋ ነው የምትሮጠው።

እዚያው ፎቃችን ላይ አንድ ጨዋ ልጅ አለ... ስም መጥራት ምን ያደርጋል? እንዴት ያለ ሳይንስ ወዳድ መሰለሽ! ፍቅሩ የያዘው ማመልከቻው ሊዘጋ ሲል ነው እንጂ። ነጭ ጋውን ለበሰ፣ መነጽር አደረገ... ዓይኑ እኮ ጤነኛ ነው... ከልጄ ጣሳዎች መሀል ቆመና እናቱ ፎቶ አነሳችው። ሥራ ለሠሪው፣ ፎቶ ለተነሺው አይደል? የሰው ወርቅ አያደምቅም ያለው ሰውዬ የሰው ባቄላ አላየማ!

ብልህነቱ ደግሞ! ከሁሉ ረጅሟን መርጦ አቀፋት። «በእኔ እንክብካቤ እንዲህ አደገች» ብሎ ፎቶው ላይ ጽፏል። እናቱ በስልኳ ላላየ ሁሉ አሳይታለች፣ እግዜር ይስጣት። ረጅሟ እኮ የካርቶኗ ናት... ጨለማ ውስጥ ብርሃን ፍለጋ ተመዝዛ፣ ገርጥታ የቀረችው። ልጄ ፎቶውን አየችና ገብታ በሯን ዘጋች።

ትምህርት ቤቱ ለኮሌጁ የሚያቀርበው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ደግሞ ጋውን ሲያዩ ልባቸው ይቀልጣል... ማን እንደተመረጠ ልንገርሽ እንዴ?

እኔ ቅር ይለኛል? በጭራሽ! የጎረቤት ልጅ የኔም ልጅ ነው። እስቲ የካስኩን ሙቀት ቀነስ አድርጊላቸው ለእትዬ፤ ጆሯቸው ቀላ።

ነገ ኮሌጁ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶታል አሉ። መንገዱን ያቅናለት! የሚጠይቀውም ሰው ሳይንስን ከልቡ የሚወድ ይሁንለት። ያችን ፎቶ ቀረብ አድርጎ፣ ረጋ ብሎ፣ ደጋግሞ ይይለት። ስለ ባቄላዋም አጫውተኝ ይበለው፣ ልጁ የልቡን እንዲያወራ። አሜን በይ እንጂ!... እትዬም አሜን ይበሉ።