ገለባ የለበሰው ሞተር

ከላሊበላ ወደ ሙጃ ስንወጣ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ውኃው ፈላና ሹፌሩ «እስኪቀዘቅዝ ውረዱ» አለን። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ትዕግሥቴ አጥሯል፤ እንኳን የሰው፣ የመኪና መለገም አልችልም። ስለዚህ አጠገቤ ተቀምጣ ከመጣችው ወጣት ጋር በእግር ማዝገም ጀመርን። ስሟ ይማርሽ ይባላል። ኮሌጅ ገብታ የከባድ መሣሪያ ጥገና የተማረች፣ ሙጃ አካባቢ ወዳለ የመንገድ ሥራ የምትሄድ ልጅ ናት።

ጥቂት እንደሄድን አንድ ያረጀ ኤክስካቫተር ተረተሩ ላይ፣ ተጀምሮ ባልተጨረሰ ቦይ አፍ፣ ቆሞ አገኘን። አንድ ሸበቶ ሰው ኮፈኑን ከፍተው፣ መፍቻ ይዘው አጎንብሰዋል።

«ምን ገጠመዎት?» አልኳቸው ከሰላምታ በኋላ።

«ሞተሩ ይነሣል፤ አፈር ሲይዝ ግን አቅም ያጣና ይጠፋል። የነዳጅ ፓምፑ ነው። ፈትቼ ኮምቦልቻ ልልከው ነው» አሉ። ስማቸው አቶ ኢያቄም ነው። ከዚያ ወደ ቁልቁለቱ አመለከቱን። «ያችን ቆርቆሮ ቤት ታያላችሁ? የእህቴ የሸጌ ናት። አምና ክረምት ናዳው በረቷን ወስዶ ደጃፏ ላይ ቆመ። ዘንድሮ ጎርፉን በዚህ ቦይ ወደ ገደሉ ካልመለስኩት እሷንም አይምራት። ‹ቤቱን ልቀቂ› ብትባል፣ ‹ወንድሜ ቦይ ይቆፍርልኛል፤ የት እሄዳለሁ?› አለች።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁ። በአቡነ ዮሴፍ በኩል ጠቁሯል። ፓምፑ ኮምቦልቻ ደርሶ እስኪመለስ ክረምቱ እንደማይጠብቅ ለመረዳት መማር አያሻም።

ይማርሽ ግን ወደ ጋቢናው አንገቷን አስግጋ ነበር። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህችን የማስጠንቀቂያ መብራት በጥቁር ናስትሮ የሸፈናት ማን ነው?»

«እንዲሁ ተሸፍና ነው የገዛኋት። የቀድሞው ባለቤት ‹አትንካት፣ ዝም ብላ የምትነጫነጭ ናት› አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሥራ ላይ እያለሁ ስትበራ ልቤን ታወልቀዋለች።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?»

«ይባላል። እኔ ግን ልጄ፣ በጆሮዬ ነው የኖርኩት። የመፍቻውን አንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስሰማ የቱ ጋ እንዳመመው አውቃለሁ።»

«ጆሮዎን አልንቅም። የድሮው ሞተር ግን ብረት ብቻ ነበር፤ ይኸኛው ነዳጁን የሚያዘው ኮምፒዩተር ነው። እሱ ሲታወክ አይንኳኳም፣ አያፏጭም፤ በቁጥር፣ በኮድ ነው የሚናገር። መሣሪያዬ ከቦርሳዬ አለ፤ ይፍቀዱልኝና ልጠይቀው።»

አቶ ኢያቄም ተቆጡ። «ተይ! ተይ! አንድ መሣሪያ ያነገተ ሰው መጥቶ ነበር። ሰካና ‹የነዳጅ ግፊቱን የሚለካው ሴንሰር ነው ይላል› ብሎ ሴንሰሩን በአዲስ ቀየረው። ምን ተሻለው? ያው ነው! መሣሪያችሁ ይዋሻል። ቅዱስ ላሊበላን፣ ሁለተኛ አላስነካም!»

እኔም በልቤ «እንግዲህ ይህን ምን ብላ ትመልሳለች?» አልኩ።

«አልዋሸም አባባ። ሰውዬው ግማሹን ሰምቶ ሄደ እንጂ። ኮዱ ‹ሴንሰሩን ቀይሩት› አይልም፤ ‹ከሴንሰሩ ወሬ አልደረሰኝም› ነው የሚል። ለወይዘሮ ሸጌ ሲደውሉ ስልኩ እምቢ ቢል፣ እህቴ የለችም ብለው ይደመድማሉ?»

«ምነው ልጄ! አታሟርቺ! ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል እላለሁ እንጂ!»

«ይኸም እንደዚያው ነው። ወሬ አቀባዩ ደህና ሆኖ መንገዱ ተቆርጦ ይሆናል። ሽቦውን ሳያዩ ሴንሰር መቀየርም፣ ፓምፕ መፍታትም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።»

«ማየት አይጎዳም አቶ ኢያቄም» ብዬ እኔም ጣልቃ ገባሁ። «ፓምፑ የትም አይሄድብዎት።»

አቶ ኢያቄም ወደ ቆርቆሮው ቤት ተመለከቱና መፍቻውን አስቀመጡ። «እሺ፣ እዪው። ለሸጌ ስል ነው።»

ይማርሽ መሣሪያዋን ሰካች። አንዳንዱ ኮድ ያለፈ ችግር መሆኑን፣ አንዷ ግን አሁንም ያለች መሆኗን አሳየቻቸው፤ ያችው የነዳጅ ግፊቷ ናት። የሴንሰሩን ሶኬት ነቅላ በቴስተር ለካች። «ይኸውልዎ፣ ወደ ሴንሰሩ መምጣት የነበረበት ኤሌክትሪክ የለም። ሽቦው መንገድ ላይ ተቆርጧል። ኮምፒዩተሩ ግፊቱን ስለማያውቅ ነዳጁን እየቆጠበ ይሰጣል፤ አቅም ያጣው ለዚያ ነው። ሕመሙ መቼ ጀመረው?»

«በውርጩ ወራት።»

«በውርጩ ወራት ምን አደረጉበት?»

«ምን አደርገዋለሁ? እንደ አራስ ተንከባከብኩት እንጂ! ሌት ብርድ እንዳይመታው የገብስ ገለባ ጠቀጠቅሁለት። አባቴ ለእንቦሳ እንዲያ ነበር የሚያደርግ።»

«ገለባ? ሞተር ላይ?» ብዬ ጮህኩ። «እሳት ቢነሣስ!»

«ጠዋት ጠዋት የላይ የላዩን አነሣለሁ» አሉ ቅር ብሏቸው። «የሥሩ አልወጣልኝም እንጂ።»

ይማርሽ ሽቦውን በጣቷ ተከትላ እጇን ወደ ሥር ሰደደች። ገለባውን ስባ ስታወጣ የአይጥ ጎጆ አብሮ ወጣ። ከኋላው ሽቦው ተቀርጥፎ መዳቡ ይታያል።

አቶ ኢያቄም የማሽኑ ሰንሰለት ላይ ተቀመጡ። «በገዛ እጄ!» አሉ። «ብርድ አይንካው ብዬ ለአይጥ ቤት ሠራሁ። ደህናውን ፓምፕ ልፈታ ነበር። እህቴን ላስበላት ነበር!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እኔም አዘንኩ። እኛ የላስታ ሰዎች የወደድነውን መሸፋፈን እናውቅበታለን፤ ገልጦ ማየት ነው የሚከብደን። በሽተኛውን «ምንም አልሆንክም» እያልን ስንቱን ቀበርን!

ይማርሽ ሽቦውን ስትቀጥል ሽማግሌው ተነሥተው ጋቢና ገቡና ናስትሮውን ከመብራቱ ላይ ልጠው አመጡላት። «በዚህ ጠቅልይው።»

«ያረጀ ነው አባባ፣ አይዝም» አለች እየሳቀች። «ከዚያ መነሣቱ ግን ደስ ብሎኛል።» በአዲስ ጠቀለለችው።

ሞተሩ ሲነሣ መብራቷ ቦግ ብላ ጠፋች። ባኬቱ አፈር ዘግኖ ወደ ላይ ሲወጣ ሞተሩ አልደከመም። ሚኒባሳችን ከታች ጥሩምባውን ሲነፋ ይማርሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «መብራቷ ስትበራ ያቁሙ! ኮዱን ያስነብቡ፣ ሽቦና ሶኬቱን ይዩ፤ ዕቃ መቀየር የመጨረሻው ነው! ገለባውንም ለከብት ይስጡት!» አለቻቸው።

በክረምቱ እኩሌታ ስመለስ ሹፌሩን ለምኜ እዚያው ወረድኩ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ጎርፉ እያጉረመረመ በቦዩ ወደ ገደሉ ይወርዳል። አቶ ኢያቄም ከእህታቸው ደጅ ቆመው ጠሩኝ።

«መምህር፣ መብራቷ አንድ ቀን በርታብኝ ነበር» አሉኝ። «አቆምኩና መሣሪያ ያለው ሰው ጠርቼ ቁጥሩን አስነበብኩ፤ በተወችልኝ ስልክ ደውዬ ለይማርሽ ነገርኳት። ሶኬት ላልቶ ኖሯል፤ ጠበቅ አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። እንደ ድሮው ቢሆን ደህናውን ስፈታ፣ የታመመውን ስሸፍን ውኃው ይቀድመኝ ነበር። ጆሮዬን አልተውኩም፤ አሁን ግን በጆሮዬም እሰማለሁ፣ ኮዱንም አስነብባለሁ።»

ወይዘሮ ሸጌ አጠገባቸው ቆመው ቦዩን ያያሉ።

«አምና ናዳው ሊመጣ ሲል ውሻዬ አላስተኛ ብላኝ ነበር» አሉ። «‹ዝም በይ!› ብዬ በድንጋይ አባረርኳት። በረቱ ሥር ገባች፤ ናዳው ከበረቱ ጋር ወሰዳት።» ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ከደጃፉ አንድ ቡችላ ብቅ ብሎ ጮኸብኝ። አቶ ኢያቄም ሊገስጹት እጃቸውን አነሡ።

«ተወው!» አሉ ወይዘሮ ሸጌ። «መጀመሪያ ምን እንዳየ እንይለት።»