ቀለም የለበሰ ዝገት

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ማስረሻ በገዛ እጁ አውሮፕላን በሚሠራበት የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፤ ዕድሜዋን በአውሮፕላን ጥገና የጨረሰችው ታላቅ እህቱ ስኂን የክንፉን ማያያዣ ብረት በጥፍሯ ትፍቃለች።

ማስረሻ፦ እትዬ፣ ቀለሙን አትላጪብኝ። ለእሑዱ የመጀመሪያ በረራ ብዬ ነው የቀባሁት።

ስኂን፦ ራሱ ነው የሚላጠው። እኔ ጥፍሬን ብቻ አሳየሁት።

ማስረሻ፦ ደራርቤ ነው የቀባሁት እኮ።

ስኂን፦ ምን ላይ?

ማስረሻ፦ ብረቱ ላይ ነዋ።

ስኂን፦ ዝገቱ ላይ። ብርጭቆ ወረቀት አልነካውም፣ ቅባቱ አልታጠበም፣ አንቲረስት የሚባል የዝገት መከላከያ ቀለም በደጁም አላለፈም። ላዩ ሙሽራ፣ ውስጡን ለቄስ።

ማስረሻ፦ ትንሽ ቡናማ ነገር ባየሽ ቁጥር አገር ይያዝልኝ ትያለሽ። የመኪናዬ በር በዝገት ተበልቶ ስንት ዓመት ነድቻታለሁ!

ስኂን፦ በሩ ቢወልቅ መንገድ ዳር ትቆማለህ። ክንፉ ቢወልቅ የት ዳር ልትቆም ነው?

ማስረሻ፦ ፈሪ ለእናቱ። ድሮም እንዲህ ነሽ፤ ሰው ሲፈጥር አንቺ ትፈትሺያለሽ።

ስኂን፦ እሺ ፈጣሪዬ፣ ይህን ቡሎን ምን ብለህ ፈጠርከው? ተራ ብረት ወስደህ መሃሉ ምንም ሳትቀባ አሉሚኒየም ላይ አጣበቅህ። የሐይቁ እርጥበት በገባ ቁጥር አሉሚኒየሙ ይበላል። ይኸው ነጭ ዱቄቱ።

ማስረሻ፦ አቧራ ነው።

ስኂን፦ እስቲ እፍ በለው።

ማስረሻ፦ እፍ! እፍ!

ስኂን፦ ምነው፣ አልበረረም?

ማስረሻ፦ ከእሑድ በኋላ አስተካክለዋለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ተጠርቷል፣ ድንኳን ተተክሏል።

ስኂን፦ ደግ አደረግህ። ድንኳን ለሠርግም ለለቅሶም ይሆናል።

ማስረሻ፦ ዝገቱ ያለው ምላስሽ ላይ ነው።

ስኂን፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ለመሆኑ ይዘኸው የምትነሳው አንተ ነህ?

ማስረሻ፦ እኔ መቼ ማብረር እችላለሁ? ካፒቴን ዳምጤ ነው።

ስኂን፦ ዳምጤ? ጎማውን ዞሮ ሳይረግጥ ወንበር ላይ የማይወጣው ሰውዬ? እንዴት እሺ አለህ?

ማስረሻ፦ መጀመሪያ አንገራግሮ ነበር።

ስኂን፦ ከዚያስ?

ማስረሻ፦ ማን አየው ብሎ ጠየቀኝ።

ስኂን፦ ማን አየው አልከው?

ማስረሻ፦ እህቴ አልኩት።

ስኂን፦ ዛሬ ገና እግሬ እዚህ ሲረግጥ?

ማስረሻ፦ ኋላ መጥተሽ ታዪው የለ፣ ምን ልዩነት አለው ብዬ ነዋ። እሱም «ስኂን ካየችውማ ዓይኔን ጨፍኜ እነሳለሁ» አለ፤ በሰው ፊት ነው የተናገረው።

ስኂን፦ እነሆ አየሁት። መፍቻውን አቀብለኝ፣ ክንፉን እኔ ላውርድ፣ አንተ ለዳምጤ ደውል፤ ምን እንዳየሁ ግን ከአንተ አፍ ይስማው።