የሁለት ጣት እጥፋት

ልብስ ሰፊው ኋላ ላይ፣ ነገሩ ካለፈና ከተሳቀበትም በኋላ፣ በገዛ አንደበቱ ያመነው ስሕተት አለ። አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ሲቀድና ሲሰፋ ኖሮ፣ የሰውም ገላ ጨርቅ ነው ብሎ ያምን ነበር። የሳሳ ጨርቅ አይጎተትም። ዐዋቂ ሰፊ ገና እጁ ሲነካው ይለየዋል፤ አጥፎ በሣጥን ያኖረዋል እንጂ ለዘወትር አያወጣውም። ሥራ ሰውን የሚያስተምረውን ያህል ያሳስተዋልም፤ አንድን ነገር አጥብቆ ያወቀ ሰው ዓለሙን ሁሉ በዚያው ሜትር ካልለካሁ ይላል።

ይህ ታሪክ ከመጀመሩ ዓመት ገደማ በፊት አንድ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ ከላይ ከቤቱ ወደ ታች ወደ ሱቁ ሲወርድ፣ ከደረጃው አጋማሽ ተንሸራቶ ቀኝ ጉልበቱን ሰበረ። በጀሶ ታስሮ ከረመ። ጀሶው ሲፈታ ሐኪሙ፣ «አጥንቱ ገጥሟል፤ እንግዲህ ቀስ እያልክ አሠራው» አለው። ሰፊው ከዚህ ምክር የወደዳትን አንዲት ቃል መርጦ ወሰደ፤ «ቀስ» የምትለዋን። ክብደቱን በግራ እግሩ ላይ ጥሎ፣ ቀኝ ጉልበቱን በከፊል አጥፎ መቆም ለመደ። አንድ ቀን በመስተዋት ፊት ቆሞ የቀኝ ሱሪው ጫፍ ጫማው ላይ ተከምሮ ቢያይ፣ «እግሬ አጥሯል» ሲል ፈረደ። ያሉትን ሦስት ሱሪዎች አውጥቶ የሦስቱንም ቀኝ እግር ሁለት ሁለት ጣት አጥፎ ሰፋቸው። ስፌቱ ያማረ ስለ ነበር ማንም አላወቀበትም፤ እሱም ማንም ያላወቀውን ነገር እንዳልተፈጠረ ቆጠረው።

ደረጃው ግን በእጥፋት የሚሸፈን አልነበረም። አሥራ ሰባት እርከን ነው፤ መኝታ ቤቱና ሚስቱ ከላይ ናቸው። ሰፊው ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ታጣፊ አልጋ ዘረጋና፣ «ሥራ በዝቶብኛል፤ ለጊዜው እዚሁ ልደር» አላት። ለጊዜው የተባለው ስምንት ወር ሆነ። ሰሞኑን ደግሞ ሌላ አሳብ መጥቶበት ነበር፤ ቤቱንም ሱቁንም ለቅቆ፣ ደረጃ የሌለው አንድ ክፍል መከራየት። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖሩበት ቤት ነበር። ለሚስቱ ገና አልነገራትም።

እንዲህ ባለ ቀን ነው ድንገት የወረደ ዶፍ አንዲት ወጣት ወደ ሱቁ ያስገባው። በአንድ እጇ ከቁመቷ ጥቂት የሚያጥር ተልጎ የለሰለሰ ዱላ፣ በሌላው የተጠቀለለ ሱሪ ይዛለች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እስኪያባራ ልጠለል?»

«ግቢ ልጄ። ዝናብ ላይ ቆሞ ይቅርታ የለም።» ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣና ዱላውን በዐይኑ ለካው። «በዚህ ዕድሜሽ ምርኩዝ?»

«ምርኩዝስ ለእርስዎ ነበር የሚገባው፤ ሲነሡ ጠረጴዛውን ሲደገፉ አይቻለሁ። ይኼ ዱላ ነው።»

ሳቁ መጣበት፤ ዋጠው። «ምላስሽ ከመቀሴ ይብሳል። ለመሆኑ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሐኪም ቤት ነኝ። ጀሶ የተፈታላቸውን ሰዎች አሠራለሁ፤ ወጌሻዋ ነው የሚሉኝ። ዝናቡ ካመጣኝ አይቀር ይኼን ይዩልኝማ።»

ሱሪውን ዘረጋችለት። ከሁለቱ ጭኖች መጋጠሚያ ላይ ተተርትሯል።

«ይኼ እኮ የተሰፋው ለሚቀመጥ ሰው ነው» አለ ሰፊው እያገላበጠ። «ምን ብትሠሪበት ነው እንዲህ የሆነው?»

«የጥንቱን የዱላ ፍልሚያ ጥበብ እማራለሁ። እግር ሲከፈት ስፌቱ አይችልም፤ ይኼ ሦስተኛዬ ነው።»

«ዱላ ደግሞ ምን ጥበብ አለው? እኔ የማውቀው ዱላ ሁለት ነው፤ የሚመታና የሚሰበር።»

«መቀስም ሁለት ነው ይባላል፣ የሚቆርጥና የሚወጋ። ከመቀስ ኮት እንደሚወጣ እርስዎን ያላየ ሰው በምን ያውቃል?»

ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ትርፍ ጨርቅ እንደሚያስገባበት ነገራት። እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ እሱ በግራ እግሩ ብቻ መርገጫውን ሲረግጥ፣ ቀኙን ወደ ጎን ዘርግቶ እንደ እንግዳ ሲያስቀምጠው ታይ ነበር።

«ጋሼ፣ ዱላ በምንማርበት ግቢ የርስዎ እኩዮች አሉ» አለች። «መምህራችን ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ሰባ አራት ዓመታቸው። ግራ ክንዳቸው ከክርኑ አይታጠፍም። ያንን ጉልበት ይዘው ቢመጡ…»

«የትኛውን ጉልበት?»

«ቀኙን። የሱሪዎ ቀኝ እግር ከግራው ሁለት ጣት ያህል ያጥራል።»

ሰፊው መርገጫውን አቆመ። በስምንት ወር እጥፋቱን ያወቀች የመጀመሪያዋ ነበረች።

«ስሚ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ክፉ አሳብ እንደሌለሽ ገብቶኛል። ነገር ግን ይኼ ጉልበት ተሰብሮ የገጠመ ነው፤ እኔም ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሳሳ ጨርቅ ሲጎትቱት ይተረተራል፤ ይኼን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ደግሞስ ማንን ልመታ ነው? ጠላት የለኝ።»

«ጨርቅ ራሱን ሰፍቶ ያውቃል?»

«እንዴት ሆኖ?»

«የርስዎ አጥንት ግን ማንም መርፌ ሳያስገባበት ገጥሟል። ጨርቅ በተጎተተ ቁጥር ይሳሳል፤ ሥጋ በልክ በሠራ ቁጥር ይጠነክራል። የሚሳሳው ሲቀመጥ ነው።»

ሰፊው መርገጫውን ዳግም ረገጠ። ሱሪውን ጨርሶ ተነሣና፣ ከጥግ ወደ ቆመች ሌላ አሮጌ የስፌት መኪና ሄዶ መዘውሯን በእጁ ያዞር ጀመር። ክር የለባትም፤ ጨርቅም የለባትም።

«እሷ ደግሞ ምን እየሰፋች ነው?» አለች ወጌሻዋ።

«ምንም። በየሁለት ቀኑ ባዶዋን አዞራታለሁ። ከቆመች ትደርቅና ለማስነሣት ጭንቅ ነው» አለ፤ ካለም በኋላ እጁ መዘውሩ ላይ ቀረ።

ወጣትነት በክርክር ሲረታ ለድሉ ማጨብጨብ ይወዳል። ይህች ግን ዐይኗን ወደ ዝናቡ መለሰች። በመጨረሻ ሰፊው ራሱ፣ «ብረትና ሥጋ አንድ ነው እንዴ?» ሲል ተቆጣ።

«ቅድም ጨርቅና ሥጋን አንድ ያደረጉት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ሱሪውን ሊጠቀልልላት ወረቀት ፍለጋ መጋረጃውን ሲገልጥ ታጣፊው አልጋ ታየ። ወጌሻዋ ማን እንደሚተኛበት ጠየቀች።

«እኔ ነኝ፤ ሥራ ሲበዛ…»

«ስምንት ወር የበዛ ሥራ» የሚል ድምፅ ከደረጃው መጣ። ሚስቱ ነበረች፤ ቅርጫት ይዛ ከመጨረሻው እርከን ላይ ቆማለች። «የተሰፋው ልብስ ግን የት እንደ ገባ እንጃ።»

«አንቺ ደግሞ፣ በእንግዳ ፊት?»

«በእንግዳ ፊት ካልሆነማ ስንት ወር ዝም አልኩ።» ቅርጫቱን አስቀመጠች። «አንተ ሰው፣ እንዳታፍር ብዬ ነው እንጂ ጆሮዬ ደኅና ነው። ሁልጊዜ ሱቁን ስትዘጋ መርገጫው ዝም ይላል። ከዚያ ደረጃው ሲንቋቋ እሰማለሁ። አንድ። ሁለት። ከዚያ ትመለሳለህ። እኔም ከፍቼ የጠበቅሁትን በር መልሼ እዘጋዋለሁ።»

ሰፊው ሜትሩን በጣቱ ጠቀለለ፤ ፈታ፤ እንደገና ጠቀለለ። ሁለተኛዋን እርከን ከእሱ በቀር የሚያውቃት ያለ አልመሰለውም ነበር።

«ጠላት የለኝም ብለዋል» አለች ወጌሻዋ በለዘበ ድምፅ። «ያለዎት ይመስለኛል፤ አሥራ ሰባት ናቸው፤ ስገባ ቆጥሬአቸዋለሁ።»

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሰፊው ወደ ተባለው ግቢ ሄደ። አሮጌ መጋዘን ነው፤ ወለሉ የተጠቀጠቀ አፈር። ፖስተኛው ቀጭን ሰው ነበር፤ ሰፊውን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ዱላ አልሰጠውም፤ ወንበር ሰጠው።

«ዱላውስ?» አለ ሰፊው።

«ዱላው የትም አይሄድ። መጀመሪያ ከመሬት ጋር ታረቅ። የምትፈራው ምንድን ነው፣ መመታት ነው መውደቅ?»

«መውደቅ» አለ ሰፊው፤ ይህንን ቃል ለሚስቱም ለሐኪሙም ብሎት አያውቅም።

«እንግዲያው የመጀመሪያው ትምህርት መውደቅ ነው። እኔ ይህን ክንድ የሰበርኩት ከብስክሌት ወድቄ ነው፤ አወዳደቅ ስለማላውቅ። ወድቆ መነሣት የሚያውቅ ሰው እርምጃው ይረዝማል።»

እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ ከወንበሩ መነሣትና መቀመጥ፤ ከዚያ ዱላውን በሁለት እጅ ተደግፎ ወደ ምንጣፍ መውረድ፣ ከምንጣፍም መነሣት። በሦስተኛው ሳምንት ዱላው መደገፊያ መሆኑ ቀርቶ በእጁ ላይ መዞር ጀመረ። አንድ እርምጃ ወደፊት ሲመክት፣ አንድ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ቀኝ እግሩ ሳያስበው ክብደት ተቀበለ። በአምስተኛው ሳምንት ግን ትዕቢት መጣችና፣ ከአንድ ወጣት ጋር እኩል ልዝለል ብሎ ጉልበቱ አበጠ። ወጌሻዋ በቀዝቃዛ ጨርቅ ጠቅልላ፣ «ጋሼ፣ በልክ ነው ያልኩት፤ ልክን ለሰፊ እኔ ላስተምር?» አለችው። ስድስት ቀን አረፈ። የሚስቱ ፍርሃት ከዚያ ወዲያ ወደ ልምምዱ አይመለስም የሚል ነበር፤ በሰባተኛው ቀን ዱላውን ከበሩ ሥር አንሥታ ራሷ ሰጠችው።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጧት ሰፊው ሱሪውን ለብሶ ከመስተዋቱ ፊት ቆመና ተቆጣ።

«አንቺ! ይኼን ሱሪ በፈላ ውሃ አጠብሽው?»

«በቀዝቃዛ ነው ያጠብኩት። ምነው?»

«ተኮማትሯል እንጂ! ቁርጭምጭሚቴ እየታየ!»

ሚስቱ ወርዳ አየችው። «አንዱ እግሩ ብቻ?» አለች።

ሰፊው ዝቅ ብሎ አየ። ሌላውን ሱሪ ለበሰ፤ ሦስተኛውን ለበሰ። የሦስቱም ቀኝ እግር ሁለት ጣት ከጫማው ርቋል። ሜትሩን አምጥቶ ሁለቱንም እግሮቹን ከወገብ እስከ ተረከዝ ለካ፤ እኩል ናቸው። ለካስ እግሩ አጥሮ አያውቅም፤ ጉልበቱን አጥፎ በፍርሃት የቆመውን ሰው ነው ልክ ወስዶ የሰፋለት። አርባ ዓመት የደንበኛን ልክ ከመውሰዱ በፊት «ቀጥ ብለህ ቁም» ሲል የኖረ ሰው፣ ለራሱ ሳይለው መቅረቱ ሲገባው፣ ቁጢጥ ብሎ ሳቀ። ሚስቱ ግን ያየችው ሌላ ነበር፤ ቁጢጥ ማለቱን።

ጉልበቱ እንደ ድሮው ሆነ ማለት ሐሰት ነው። በብርድ ቀን ያመዋል፤ ደረጃ ሲወርድ አሁንም ወደ ጎን ዞሮ፣ መደገፊያውን ይዞ ነው። ነገር ግን መርገጫውን በሁለት እግሩ ይረግጣል፤ ከጠረጴዛ ሲነሣ እጁ ጠረጴዛ አይፈልግም፤ እንቅልፉም ጥልቅ ሆኗል። ሊከራይ ስላሰበው ክፍል ለሚስቱ ነገራትና አብረው ተውት። ከሱቁ አጠገብ ያለችው ዳቦ ጋጋሪ፣ ትከሻዋ ከምድጃው ጋር ሲታገል የኖረ ሴት፣ «እኔንስ ይቀበሉኛል?» ብላ ስትጠይቀው፣ «ወንበር ነው የሚሰጡሽ፤ አትደንግጪ» አላት። ዕድሜና ጉዳት ለሰው ልጅ የሚሰጡት ምክር ሁሉ ቅን አይደለም፤ አንዳንዱ ፍርሃት ነው፣ የጥንቃቄ ልብስ ለብሶ የሚመጣ። ከአካል የተረፈውን በሣጥን ማኖር ለአካሉ መራራት አይደለም፤ በልኩ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ፣ ዕለት ዕለት ማሠራት ነው ርኅራኄው።

እግሮቹን በለካበት በዚያው ቀን ሰፊው ከሥራ በኋላ መብራቱ ሥር ተቀመጠ። የሦስቱን ሱሪዎች ቀኝ እጥፋት በምላጭ ጫፍ ፈታ፤ ክሩን ለቀመ፤ የታጠፈበትን መስመር ተኮሰው። ታጣፊውን አልጋ አጥፎ ከጣቃዎቹ ጀርባ አቆመው። ሱቁን ቆለፈ። ከዚያም ዱላውን በግራ እጁ፣ መደገፊያውን በቀኝ እጁ ይዞ፣ አሥራ ሰባቱንም እርከን ወጣና ቤቱ አደረ።