ሕመሙ እግር ድረስ ይወርዳል?

ባባ ኢጌን ያገኘኋቸው ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ኢቶኩ ገበያ መግቢያ፣ ከዛፍ ፍሬ የሚወጣውን የሺአ ቅቤ ከምትሸጠው ሴት ዘንድ ነበር። ጎረቤቴ ናቸው፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ሲወለዱ እግራቸው ቀድሞ ስለወጣ ኢጌ ተባሉ። በከተማችን በአቤኦኩታ እንዲህ የተወለደ ሰው እግሩ የወገብ ሕመም ያወጣል ስለሚባል፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰው ጀርባ ሲረግጡ ኖረዋል።

ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ ሰላም አልኳቸው።

"ደህና ነሽ መምህርት? ቅቤው ለእግሬ ነው። ዛሬ አሻቢን እረግጣታለሁ። ወገቧን ከያዛት ሦስት ሳምንት ሆነ።"

አሻቢ ሚስታቸው ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ መሬት ላይ በተቀመጠ ማሰሮ ላይ አጎንብሰው ጨርቅ ሰማያዊ ሲያቀልሙ ኖረዋል።

"ሐኪም አላያቸውም?" አልኩ።

"እኔ እያለሁ? ፀጉር አስተካካዩ ላሚዲ ልጆቹን ሌላ ፀጉር ቤት ሲልክ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

እየሳቁ ወደ ቤት ሄዱ፤ መንገዳችን አንድ ስለሆነ አብሬያቸው ሄድኩ። ግቢው ውስጥ የወንድማቸው ልጅ ሞሱን ትጠብቃቸው ነበር። ሞሱን በከተማው ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። በሁለት ጉልበቷ ተንበርክካ ሰላምታ ከሰጠች በኋላ እጇን ዘረጋች።

"አባባ፣ ቅቤውን ለእኔ ይስጡኝ፤ ተረከዜ ተሰነጣጥቋል።"

"ሄደሽ ግዢ! ይሄ የሥራ ዕቃ ነው።"

"ሥራው ዛሬ ዝግ ነው።"

"ማን ዘጋው?"

"እኔ። ማማ አሻቢን አሁን አየኋቸው። ሕመሙ ከወገባቸው ተነስቶ በግራ እግራቸው እስከ አውራ ጣት ይወርዳል። ጣቱን ስነካው አይሰማቸውም። የዲስክ ሕመም ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።"

"ዲስክማ እኔም ነበረኝ። ማጫወቻው ሲሰበር ጣልኩት።"

ሞሱን አልተቆጣችም። ከሳህን ላይ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የባቄላ ሞይን ሞይን አነሳች። "በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር አለ። ሰው አጎንብሶ ሲያነሳ፣ ዓመት በዓመት ሲደጋገም፣ ቅጠሉ በአንድ በኩል ይሳሳል።" በአውራ ጣቷ ስትጫነው የተፈጨው ባቄላ በቅጠሉ ስንጥቅ በኩል ብቅ አለ። "የወጣው ነገር ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይነካል። አሁን እርስዎ ቢቆሙበትስ?"

"ምሳዬን ታበላሺያለሽ!" አሉ ባባ ኢጌ። ዓይናቸው ግን ከቅጠሉ ላይ አልተነሳም። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "የስንቱን ወገብ አቀናሁ! በሸክም መጥተው በእግራቸው የሄዱ አሉ። ውሸት ነው በይኝ!"

"አልልም። ጡንቻ ብቻ የያዘው ሰው ሲታሽ ሊቀለው ይችላል፤ ብዙው ደግሞ በራሱ ጊዜ ይሻለዋል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እናትዎ ይህን ሲያስተምሩዎት፣ ከመርገጥዎ በፊት የሚጠየቅ ነገር የለም ብለዋል?"

"እንዴት አይኖርም! 'ሕመሙ እግር ድረስ ይወርዳል?' ተብሎ ይጠየቃል።"

"ይወርዳል ካለስ?"

ባባ ኢጌ የቅቤውን ክዳን ከፍተው መልሰው ዘጉት።

"ከወረደ እግርህን አንሳ ትለኝ ነበር።"

ከቤት ውስጥ፣ ከምንጣፉ ላይ፣ የማማ አሻቢ ድምፅ መጣ። "የትናንቱንም ይንገሯት እንጂ! ረግጠውኝ ሲወርዱ አይደለም ወይ ጣቴ የደነዘዘው? ወይስ ትናንት የረገጠኝ ሌላ ሰው ነው?"

 የትናንቱን ነገር ለእኔም ገበያ ላይ አልነገሩኝም ነበር።

"ለምን አልጠየቋቸውም?" አለች ሞሱን፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እንግዳ ሲመጣ እጠይቃለሁ። ሚስቴን ግን ምን ብዬ እጠይቃለሁ? የማውቃት መስሎኝ ነበር።"

ብዙ ቤት ውስጥ ይህን አይቻለሁ። እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ከራስ ምታቱ እስከ እንቅልፉ ይጠየቃል፤ አብሮን የሚበላው ሰው ግን ካላቃሰተ ደህና ነው እንላለን። የባባ ኢጌ እናት ልማዱን ሲያስተምሩ ጥንቃቄውንም አብረው አስተምረው ነበር። ልጃቸው መርገጡን ይዘው ጥያቄውን ቤታቸው ደጃፍ ላይ ጥለውት ገቡ።

"እሺ፣ ምን ይደረግ?" አሉ በመጨረሻ።

"ዛሬውኑ ሆስፒታል እንሂድ፤ መደንዘዙ መታየት አለበት። ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው፣ በጭናቸው መካከል ከደነዘዛቸው ወይም እግራቸው ከከዳቸው አንዲት ሰዓትም አይጠበቅም። አሁን ያ የለም፤ ጠይቄያቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ መተኛትም ይቅር። ትንሽ ይራመዱ፣ ይረፉ፣ እንደገና ይራመዱ። ብዙ ሰው በሳምንታት ውስጥ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል። ማሰሮዎቹ ግን ከመሬት ይነሱ።"

"ቆሜ ስሄድ ምን እይዛለሁ?" አሉ ማማ አሻቢ ከውስጥ።

በቤቴ በር ኋላ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ሦስት ዓመት የቆመ ከዘራ ነበር። ሄጄ አመጣሁት።

ከሆስፒታሉ መልስ፣ ሰኞ ዕለት ባባ ኢጌ ማሰሮዎቹን እስከ ወገብ በብሎኬት አስነሱ። ሌሎቹ አቅላሚዎች "ማሰሮው ሹመት አገኘ እንዴ?" እያሉ ሳቁ።  ከዚያ ወዲህ በየማለዳው በግድግዳው በኩል የባባ ኢጌን ድምፅ እሰማ ነበር።

"አሻቢ፣ ዛሬስ የት ድረስ ወረደ?"

"ቁርጭምጭሚቴ ድረስ።"

በሌላ ሳምንት፣ "ጉልበቴ ላይ ቆመ።"

ሞሱን ሕመሙ ከእግር እየሸሸ ወደ ወገብ መሰብሰቡ ጥሩ ምልክት ነው አለች። በሁለተኛው ወር መጨረሻ መልሱ "የትም አልወረደ፤ አሁን ይተዉኝ!" ሆነ። አውራ ጣታቸውም ሲነካ ይሰማቸው ጀመር። ዛሬ ማማ አሻቢ ቀጥ ብለው ቆመው ያቀልማሉ፤ የተነከረውን ከባድ ጨርቅ ብቻቸውን አያነሱም፤ ከሳቁት ሴቶች ሁለቱ ብሎኬት ገዝተዋል። ባባ ኢጌም ሕመሙ እግር የወረደበትን ሰው አይረግጡም፤ ወደ ሞሱን ይልካሉ።

ማማ አሻቢ ከዘራውን ራሳቸው ይዘው መጡ። ጫፉ ላይ አዲስ ጎማ አስገጥመውለታል። ካስረከቡኝ በኋላ አልሄዱም።

"ባልሽ ይህን ሲይዝ የት ነበር የሚያመው?" አሉኝ።

በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወንበር አቀረብኩላቸው፤ እኔም ተቀምጬ ነገርኳቸው።